ሪፋምፒሲን፦ ስለ ቀዩ የቲቢ መድኃኒት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መድኃኒት በማደል ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍሁት በጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ውስጥ ነው። ከታች ያሉት ሕመምተኞች፣ አስታማሚዎችና በመድኃኒት ንግድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡብኝ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪፋምፒሲን ምን ዓይነት መድኃኒት ነው?

ባክቴሪያን የሚገድል አንቲባዮቲክ ነው። የቲቢ ተሕዋስ በሕይወት ለመቆየት በዘረመሉ የተጻፈውን ትእዛዝ እየገለበጠ ፕሮቲን መሥራት አለበት። ግልበጣውን የሚያከናውንለት ኢንዛይም አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝ ይባላል። ሪፋምፒሲን እዚህ ኢንዛይም ላይ ይለጠፍና ሥራውን ገና ሲጀምር ያስቆመዋል። የሰው ሴልም ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው፤ ቅርጹ ስለሚለይ ግን መድኃኒቱ አይነካውም።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ብዙም ባልተለየ ነበር። ልዩ የሚያደርገው ያደፈጡትን ማግኘቱ ነው። የቲቢ ተሕዋስ ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ሥራ ፈትቶ ለረጅም ጊዜ ይተኛል። አብሮት የሚሰጠው አይሶኒያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት በመባዛት ላይ ያለውን በፍጥነት ያጭደዋል፤ የተኛውን ግን ያልፈዋል። ሪፋምፒሲን የተኛው ለአፍታ ቀና ሲል ይይዘዋል። የቲቢ ሕክምና ከዓመት ተኩል ወደ ስድስት ወር የወረደው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፒራዚናማይድ የተባለው ሌላው የቲቢ መድኃኒትም የራሱን ድርሻ አክሎበታል።

ከየት ተገኘ?

ከአፈር። በ1957 በፈረንሳይ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ከሚገኝ የጥድ ደን የተወሰደ አፈር ጣሊያን ሚላኖ ውስጥ ወደሚገኘው የሌፔቲ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ደረሰ። ፒዬሮ ሴንሲና ማሪያ ቴሬዛ ቲምባል በዚያ አፈር ውስጥ ያገኙት ባክቴሪያ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል ነገር ያመነጭ ነበር። ተመራማሪዎቹ ለቅመሙ ያወጡለትን የቤት ስም የወሰዱት በጊዜው ከታወቀ የፈረንሳይ የወንጀል ፊልም ነው፤ «ሪፋ» የሚለው እስከ ዛሬ ከስሙ ያልወጣው ከዚያ የመጣ ስለሆነ ነው። ስለ መድኃኒት ስም አወጣጥ ክብደት ለሚሰብኩኝ ሁሉ ይህንን እነግራቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቅመም ሲዋጥ በአንጀት በኩል ወደ ደም አያልፍም ነበር፤ በመርፌ ብቻ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ኬሚስቶቹ ከዚያው ግንድ ብዙ ዝርያዎችን እየሠሩ ሞከሩ። በ1965 የሚዋጠው ሪፋምፒሲን ተገኘ፤ በ1968 ጣሊያን ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1971 አሜሪካ ፈቀደችው።

ከእርሱ በፊት ቲቢ አይድንም ነበር?

ይድን ነበር፤ ግን በስንት መከራ። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ተገኘ፤ አይሶኒያዚድ በ1952 ተከተለ። ሕመምተኛው ለወራት መርፌ እየተወጋ፣ እስከ ዓመት ተኩል ኪኒን እየዋጠ መቆየት ነበረበት። እርሻና ንግድ ያለው ሰው ይህንን ሁሉ ጊዜ እንዴት ይዘልቀዋል? ብዙው አቋርጦ ይጠፋ ነበር።

ስድስት ወር በቂ መሆኑ ከታየባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ጎረቤታችን ምሥራቅ አፍሪካ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ባካሄደው ጥናት ሪፋምፒሲን የተጨመረበት የስድስት ወር ሕክምና ውጤታማ ሆኖ ተገኘ።

ውጤቱ ታውቆም ግን መድኃኒቱ ወደ ድሃ አገሮች በስስት ነው የገባው። ዋጋው ውድ ነበር፤ በዚያ ላይ ያለቁጥጥር ከተሰጠ ተሕዋሱ ይላመደዋል የሚል ሥጋት ነበር። ስለዚህ እኛን ጨምሮ ብዙ አገሮች ሪፋምፒሲንን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ብቻ እየሰጡ፣ ቀሪውን ስድስት ወር በኤታምቡቶልና በአይሶኒያዚድ ይጨርሱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያ የስምንት ወር ሕክምና እንዲቀር የመከረው ስድስት ወሩ ሙሉ በሪፋምፒሲን ሲሆን ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ሰዎች እንደሚያንሱ ስለታየ ነው። ዛሬ የተለመደው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አራት መድኃኒት፣ ቀሪዎቹን አራት ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ መውሰድ ነው።

ሪፋምፒሲንን ብቻውን ስጡኝ ብል ለምን ትከለክሉኛላችሁ?

በዚህ ጥያቄ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄአለሁ። አንድ ጎልማሳ ነጋዴ «አራት መድኃኒት ሆዴን በጠበጠው፤ ዋናው እርሱ ከሆነ እርሱን ብቻ ስጠኝ» ብሎ ለግማሽ ሰዓት መስኮቱ ላይ ቆሟል።

መልሱ በቁጥር ነው። ከ100 ሚሊዮን የቲቢ ተሕዋስ መካከል አንድ ያህሉ መድኃኒቱን ሳያይ በተፈጥሮው ሪፋምፒሲን የማይነካው ሆኖ ይገኛል። ሳንባው ላይ ጉድጓድ የፈጠረ ሕመምተኛ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሕዋስ ሊሸከም ይችላል። መድኃኒቱን ብቻውን ሲውጥ ሌላው ሁሉ ይሞታል፤ ያ አንዱ ይተርፋል፤ ከዚያ ሜዳውን ለብቻው ይዞ ይባዛል። ሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒት አብረው ሲሰጡ ግን ለሁለቱም የማይበገር ተሕዋስ የመኖሩ ዕድል እጅግ ይመነምናል።

አራቱን በአንድ ፍሬ ያዋሐዱትም ሰው እየመረጠ እንዳይተው ነው። ለአዋቂ የሚታደለው ቀይ ቡናማ ፍሬ ውስጥ 150 ሚሊግራም ሪፋምፒሲን፣ 75 አይሶኒያዚድ፣ 400 ፒራዚናማይድና 275 ኤታምቡቶል አለ። ስንት ፍሬ እንደሚዋጥ የሚወስነው የሰውነት ክብደት ስለሆነ ሚዛን ላይ ሳያወጣችሁ የሚያድላችሁ ባለሙያ ካለ «አልመዘንከኝም» በሉት።

ሽንቴ ደም መሰለ። ምን ሆኜ ነው?

ምንም አልሆናችሁም። ሪፋምፒሲን ራሱ ጡብ የመሰለ ቀይ ቀለም አለው፤ ሲወጣም ሽንትን፣ ላብን፣ ምራቅንና እንባን ብርቱካናማ አድርጎ ያልፋል። ሕክምናው ሲያልቅ ይጠፋል።

ይህንን ቀድሞ አለመናገር ግን በደል ነው። አንዲት እናት መድኃኒት በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣጥፈው ይዘው መጡ። አንገት የሚነካው ጠርዝ ላይ ላባቸው ብርቱካናማ መስመር አስምሮበታል። «ልጄ፣ ደሜ በቆዳዬ እየወጣ ነው» አሉኝ። ሁለት ቀን አልዋጡም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰልፉ ረዝሞብኝ ሳልነግራቸው አሳልፌአቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሽንት ቀለም ሳልናገር ቀይ ፍሬ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። በዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ የምታደርጉም መነጽር ተጠቀሙ፤ ሌንሱ ቀለሙን ከያዘ አይለቅም።

በባዶ ሆድ ነው ወይስ ከምግብ ጋር?

በባዶ ሆድ ይሻላል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ። ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። ሆዱን እጅግ የሚያቅለሸልሸው ሰው ከሚያቋርጥ ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ ቢውጥ ይመረጣል። በጾም ወቅት «ውኃ አይቀመስም» የሚሉኝ አሉ፤ የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው የተከለከሉ ግን እስካሁን አላጋጠሙኝም። ረመዳን የሚጾሙም ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተመካክረው ወደ ሌሊት ማዛወር ይችላሉ።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጣላል?

ከብዙዎቹ ጋር። ለእኔ የሪፋምፒሲን አስቸጋሪ ጠባይ ከሽንት ቀለሙ ይልቅ ይህ ነው። ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሉ፤ ሪፋምፒሲን እነርሱን አንቅቶ ሥራቸውን በእጥፍ ያበረታዋል። ሌላው የምትወስዱት መድኃኒት ሥራውን ሳይሠራ ተሰባብሮ ያልቃል።

የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልና ክንድ ላይ የሚቀበረው ኢምፕላንት አስተማማኝነታቸው ይቀንሳል። በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕና የሦስት ወሩ መርፌ የተሻሉ አማራጮች ናቸው። ይህንን ሳይነገራት ያረገዘች ሴት አውቃለሁ፤ ባለቤቷ ፊት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ መጠየቅ አሳፍሯቸው ዝም ያሉት ባለሙያዎቹ ነበሩ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር በቀን አንድ ጊዜ የነበረው ሁለት ጊዜ ይሆናል። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ የስኳር መድኃኒቱ ግሊቤንክላማይድ፣ ፕሬድኒሶሎንም አቅማቸው ስለሚወርድ መጠናቸው እንደገና መታየት አለበት። ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላም ጉበቱ ወደ ቀድሞው ጠባዩ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን ከማስታወስ ይህ ይቀላል።

ጠላና አረቄስ?

ተዉት። ከአራቱ መድኃኒቶች ሦስቱ ጉበት ላይ ጫና አላቸው። የዓይን ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ የማያቋርጥ ትውከት ከመጣ፣ ምግብ ጭራሽ ካስጠላ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።

በነፃ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ነፃ ሲሆን ጥራቱ አይወርድም?

በኢትዮጵያ የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለክፍያ ይሰጣል። ምክንያቱ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ቲቢ በትንፋሽ ስለሚተላለፍ አንዱ ከፍሎ መታከም ሲያቅተው ጎረቤቱም ይታመማል።

ስለ ጥራቱ የሚነሣው ጥርጣሬ ግን መሠረት አለው ለማለት ይከብደኛል። ለእንዲህ ያለ መርሐ ግብር የሚገዛ መድኃኒት በአብዛኛው የዓለም ጤና ድርጅት የቅድመ ብቃት ምርመራን ወይም ተመሳሳይ ጥብቅ ማጣሪያን ያለፈ ነው። ሪፋምፒሲን ደግሞ ሠሪውን የሚፈትን ቅመም ነው፤ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ከአይሶኒያዚድ ጋር ሲገናኝ ይበላሻል። ስለዚህ አራቱን ያዋሐደ አምራች ሪፋምፒሲኑ ወደ ደም በበቂ መጠን መግባቱን በሰው ላይ ለክቶ ማሳየት አለበት።

ማን ነው የሚያመርተው? ዋጋውስ?

የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሪፋዲንና ሪማክታን የሚባሉት የቀድሞ የንግድ ስሞች አሁንም አሉ፤ ወደ እኛ የሚመጣው ግን በአብዛኛው ሕንድ ውስጥ የሚሠራው ያለ ንግድ ስም የሚሸጠው ነው። ሉፒንና ማክሊዮድስ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ትልቁ ገዢ በ2001 የተቋቋመው የስቶፕ ቲቢ ፓርትነርሺፕ ክንድ፣ ግሎባል ድራግ ፋሲሊቲ ነው፤ የብዙ አገሮችን ፍላጎት አጠራቅሞ በአንድነት ይገዛል። በዚህ መንገድ የአንድ አዋቂ የስድስት ወር ሙሉ ሕክምና፣ አራቱም መድኃኒቶች ተደምረው፣ ከ50 ዶላር በታች ይወጣል። የሰው ሕይወት የሚመልስ ነገር ከአንድ ጫማ ባነሰ ዋጋ ማለት ነው።

ገበያው «የጎለመሰ» ነው ሲባል ምን ማለት ነው? አስመጪ ብሆን ያዋጣኛል?

የጎለመሰ ገበያ ማለት እዚህ ላይ ማንም ስለ መድኃኒቱ ማስታወቂያ የማይሠራበት፣ ማንም ሐኪም አዲስ ነው ብሎ የማይጓጓበት፣ ፍላጎቱም በሕመምተኛው ቁጥር ልክ የሆነ ገበያ ነው። በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቲቢ እንደታመሙ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል፤ የሪፋምፒሲን ፍላጎት በዚህ ዙሪያ ነው የሚዞረው። ገዢዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሻጮቹም ጥቂት ናቸው፤ ፉክክሩ በጨረታ ዋጋ ላይ ነው። በግል አስመጥቶ ለማትረፍ ለሚያስብ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ መንግሥት በነፃ ከሚሰጠው ጋር አትፎካከሩ።

ለእኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ርካሽነቱ በረከት ነው፤ ግን ገበያውን ስስ አድርጎታል። ትርፉ ቀጭን ስለሆነ አዲስ አምራች ለመግባት አይቸኩልም። ጥሬ ዕቃውም በአንድ ጀንበር የሚገኝ አይደለም። ባክቴሪያው እንደ ጠላ በትልልቅ ጋኖች ይጠነሰሳል፤ ከጥንስሱ ሪፋማይሲን ይወጣል፤ ከዚያ በኬሚስትሪ ደረጃ በደረጃ ወደ ሪፋምፒሲን ይለወጣል። ያ ጥንስስ ያለባቸው ፋብሪካዎች በአብዛኛው ያሉት ቻይናና ሕንድ ውስጥ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲደናቀፍ መጋዘናችን በወራት ውስጥ ያውቀዋል።

በ2020 የተወራው የናይትሮሳሚን ጉዳይ ምን ነበር?

በዚያ ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በአንዳንድ የሪፋምፒሲን ናሙናዎች ውስጥ ከናይትሮሳሚን ወገን የሆነ ርዝራዥ አገኘ። በዚህ ወገን ያሉ ቅመሞች በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ የካንሰር ሥጋት እንደሚጨምሩ ይታሰባል። ርዝራዡ ሪፋምፒሲን ለመሥራት ከሚገባው ፒፐራዚን ከሚባለው ቅመም ጋር የተያያዘ ነው።

ተገቢ ነው የተባለው ጣሪያ ከአንድ ሚሊዮን 0.16 እጅ ነበር። ያንን አጥብቆ መያዝ ግን መድኃኒቱን ከገበያ ማጥፋት ይሆናል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ለጊዜው እስከ 5 እጅ ድረስ ያለው እንዲሸጥ ፈቀደ። አንዳንዱ ይህንን ቸልተኝነት ነው ይላል። እኔ አልልም። የተጠረጠረው ሥጋት ትንሽና ሩቅ ነው፤ ያልታከመ ቲቢ ግን ቅርብ ነው፤ የሚተካውም መድኃኒት አልነበረም። አንድ መድኃኒት ምን ያህል ብቻውን እንደቆመ የገባኝ ያኔ ነው።

«መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ሲባል የትኛውን መድኃኒት ነው?

ከሁሉ በፊት ሪፋምፒሲንን። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ አክታ ውስጥ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የቲቢ ተሕዋስ አለን? ካለስ ሪፋምፒሲን ይሠራበታልን? መልሱ በሁለት ሰዓት ገደማ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው በ2010 ነው። ከሌሎቹ ሁሉ ይህ አንዱ ተመርጦ መመርመሩ እርሱ ካልሠራ ሕክምናው ሁሉ ስለሚለወጥ ነው። ከ2022 ወዲህ ቤዳኩዊሊን፣ ፕሬቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን አንድ ላይ የሚሰጡበት የስድስት ወር ሕክምና መጥቷል፤ መርፌ የለበትም። የቀድሞውን የሃያ ወር ስቃይ ላየ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሪፋፔንቲን ይተካዋል?

ሪፋፔንቲን የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው፤ በ1998 ጸደቀ። በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ለመከላከያ ሕክምና ከአይሶኒያዚድ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንት ብቻ ይሰጣል። በ2019 በተደረገ ስምምነት የዚህ ሕክምና ዋጋ ከ45 ወደ 15 ዶላር ወርዷል። በ2021 ይፋ በሆነ ጥናት ደግሞ ሪፋፔንቲንና ሞክሲፍሎክሳሲን ያሉበት የአራት ወር ሕክምና ከስድስት ወሩ ያላነሰ ውጤት አሳይቷል። በመከላከሉ ቦታውን እየያዘ ነው፤ በሕክምናው ግን የሪፋምፒሲንን ርካሽነትና ዝግጁ አቅርቦት ገና አላገኘም።

ለቲቢ ብቻ ነው የሚሰጠው?

አይደለም። የሥጋ ደዌ ሕክምና ምሰሶም እርሱ ነው፤ እዚያ በወር አንድ ጊዜ 600 ሚሊግራም ይሰጣል። አዲስ አበባ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል አካባቢ ያደገ ሰው ይህንን ያውቀዋል። የማጅራት ገትር ሕመምተኛ የነካቸውን ሰዎች ለመጠበቅም ለጥቂት ቀናት ይታዘዛል።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ሳትታመም «ሪፋምፒን» ብቻውን ለአራት ወር ታዘዘላት። ስሕተት ነው?

ስሕተት አይደለም። ሪፋምፒን አሜሪካኖች ለሪፋምፒሲን የሚጠቀሙበት ስም ነው። እህትዎ ያለባት የተኛ ቲቢ ነው፤ አያስላትም፣ ለሌላ ሰውም አታስተላልፍም። ላይ እንደተባለው የመላመድ ሥጋት የሚመጣው ከተሕዋሱ ብዛት ነው፤ የተኛ ቲቢ ግን ጥቂት ተሕዋስ ብቻ ስላለው አንድ መድኃኒት ይበቃዋል። ብቻ ከመጀመሯ በፊት ያልተኛ ቲቢ አለመኖሩ በራጅና በምርመራ መረጋገጥ አለበት። በቆዳ ምርመራ ብቻ ተነሥተው ከሆነ የደም ምርመራ እንዲጨመርላት ትጠይቅ፤ በሕፃንነት የተወጋነው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ የቆዳውን ምርመራ ያሳስታል፤ የደሙን ግን አያሳስትም።

በሁለት ወሬ ድኛለሁ፤ ብተወውስ?

ሳሉ ቆሟል፣ ክብደት ተመልሷል፣ ጸበሉም ረድቷል። ጸበሉን አትተዉ፤ መድኃኒቱንም አትተዉ። የተኙት ገና አሉ።

አንድ ቀን የረሳ ሰው ሲያስታውስ ይዋጥ፤ በማግስቱ ደርቦ አይዋጥ። ለሳምንታት ያቋረጠ ሰው ግን ቤት የተረፈውን ፍሬ ራሱ አንሥቶ አይጀምር። ሪፋምፒሲን ቆሞ እንደገና ሲጀመር በአንዳንድ ሰው ላይ ሰውነት ይቆጣል፦ ትኩሳትና ብርድ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት መውረድ፣ አልፎ አልፎም ኩላሊት እስከ ማቆም ይደርሳል። እንዲህ ያለው ሰው በቲቢ ክፍል ታይቶ፣ አክታው ተመርምሮ ነው የሚጀምረው። የተረፈውን ፍሬም ወደ ጤና ጣቢያ መልሱ እንጂ ለሳለ ጎረቤት አታካፍሉ።